አሥራ ሁለት ክንድ መቀነት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሳችሁ ምንጣፉ ላይ አረፍ በሉ፤ ሆዳችሁ የገፋ ደግሞ ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡት። ክሊኒኩ እስኪከፈት ገና ብዙ አለ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቆመው የሚያዩትን ለማየት ግን ስድስተኛ ክፍልም ይበዛል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መቼም እናንተ አጋፋሪን የምታውቁት ከተወለዳችሁ ጀምሮ ነው። በር በቁልፍ የሚከፈትበትን ዘመን አልደረሳችሁበትም። ይኼ በር ጠባቂ መሣሪያ እዚህ አዲስ ቦርከና የገባው የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው። ጣት አይጠይቅም፣ ፊትም አያይም፣ ሰው ሲናገርም አይሰማም። በሩ ፊት ስትቆሙ ከትከሻ እስከ ጉልበት ያያችሁና፣ ከተመዘገበው ቁመና ጋር ከገጠማችሁ ስማችሁን ጠርቶ ያስገባችኋል። የቤቱም፣ የአውቶቡሱም፣ የወፍጮውም በር እንዲሁ።

ነገሩ የተበላሸው ከጅምሩ ነው። ምዝገባው በየትኛው ወር ይሁን ሲባል፣ አንድ አዋቂ ተነስቶ በጾም ይሁን አለ አሉ፤ በጾም ሠርግ የለም፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገኛል። እውነቱን ነው። ግን በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። መዝጋቢዎቹ ሲደርሱ ክርስቲያኖቹ ሕማማት ላይ ናቸው፣ እኛ ሃያ ሰባተኛው ጾማችን ላይ። ከተማው በሙሉ እንደ ክር ቀጥኖ ተመዘገበ።

ከዚያ ኢድና ፋሲካ ተከታትለው መጡ። ወሎ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እነሱም ከኛ ይበላሉ፣ እኛም ከነሱ ጋር እንጫወታለን። በአራተኛው ቀን ከሥራ የተመለሰ ሰው ቤቱ አላስገባ አለው። አጋፋሪ በትሕትና፣ ይቅርታ፣ አላውቅዎትም ይላል። አስተማሪው ትምህርት ቤቱ ደጅ ቀረ። ፖሊሶቹ ጣቢያው ደጅ ተኮለኮሉ፤ እስረኞቹ ግን አልወፈሩም ነበርና በሩ ከፈተላቸው።

የምዝገባው መሥሪያ ቤት ይቅርታ ጠየቀና፣ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ስምንት ቀን የቁመና ማደሻ ይሁን ብሎ ፈቀደ። ማንም አልሄደም። ማደስ ማለት ወፍሬያለሁ ብሎ በአደባባይ መፈረም ነዋ። በምትኩ ሰው መላ ለመደ። በር ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ አየር ይስባል፣ ሆዱን ከጀርባው ጋር ያጣብቃል፣ ይገባል፣ ከበሩ ኋላ እፎይ ይላል። በኮሪደራችን ጠዋት ብትሄዱ ከየበሩ ጀርባ የምትሰሙት እፎይ፣ እፎይ፣ እፎይ ነው። የብሎካችን ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከእማዬ በፊት እፎይ ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የሚመዘገበው በጾም ሆነ፤ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ኤልዳና ፊት ለፊቴ ነው የምትኖረው። ስማችን እንግዲህ የአሮጊት ስም ነው፣ እሷ ኤልዳና፣ እኔ ኢክራም። ስድስት ወልዳ አሳድጋለች። በር ላይ ስትደርስ ግን እንደኛ ስታቃስት አትታይም። ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ ቀጥ ብላ ትገባለች። እፎይ ስትል የሰማት የለም። ስለዚህ የብሎካችን የሆድ ትምህርት ቤት አለቃ አደረግናት። ጠዋት ጠዋት ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን እናቶች ምንጣፍ ላይ እንጋደማለን፤ ኤልዳና በመካከላችን እየተዘዋወረች ሳቢ፣ ያዢ ትላለች። ያቃታትን በከዘራዋ ጫፍ ነካ ታደርግና፣ "ይኼ ሆድ ነው ወይስ እንግዳ? እንግዳ ከሆነ መቼ ነው የሚሄደው?" ትላለች። እንስቃለን። ሲስቁ ደግሞ ትንፋሽ ያመልጣል፤ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።

የመጨረሻ ልጇ ይመር ስንዱን አገባና እዚያው ከኤልዳና ጋር ኖሩ። ስንዱ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ናት፣ ዝምተኛ፣ እጇ ላይ ሁልጊዜ ግራሶ የማይጠፋ። ጥቅምት ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ያረሰቻት ኤልዳና ናት፤ ይህን ውለታዋን አልክድም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እሷን ለመጠየቅ የመጣውን ሰው ማስተናገዱ፣ ሁሉ በሷ ጫንቃ ላይ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፀሐይ ትሙቅ ተባለና፣ ኤልዳና ከሣጥኗ አንድ መቀነት አወጣች። የእናቴ ነው፣ ጥንድ ናቸው፣ የአራስ ሆድ ካልታሰረ ነፋስ ይገባዋል አለች። ጉልበቷን ከስንዱ ጀርባ አስደግፋ ጠመጠመችላት። ሳቢ፣ ያዢ። ሳቢ፣ ያዢ። እኔ ሕፃኗን ይዤ አያለሁ፤ መቀነቱ ማለቂያም የለው።

ፀሐዩን ሙቀው ሲመለሱ ኤልዳና ከኔ ጋር ወሬ ይዛ ወደኋላ ቀረች። አራስ ያለ አጀብ በር ላይ እንደማትቆም ታውቃላችሁ፤ ከነፍሰ ጡርነቷ አንስቶ እስኪታደስላት ድረስ ሌላ ሰው ፊት ቆሞ ይከፍትላታል። ስንዱ ረስታው ብቻዋን ከበሩ ፊት ቆመች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና" አለ አጋፋሪ። "የደም ግፊት መድኃኒትዎን ትናንት አልወሰዱም።"

እኔ ሳቅሁ፣ ስንዱም ሳቀች። ኤልዳና አልሳቀችም። መድኃኒቴን ወስጃለሁ፣ አለች ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብሎኩ ጨዋታ ነበሩ። ስንዱ አውቶቡስ ስትወጣ፣ ለእማማ ቦታ ይለቀቅ ይላል አጋፋሪ፤ ጎረምሶቹ ይነሱና ማንም አሮጊት ሲያጡ ዙሪያቸውን ያያሉ። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከባድ አይሸከሙ ይላታል። የከፋው የይመር ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ፣ እናትዎ መኝታ ቤት ናቸው ይለዋል፤ ምስኪኑ የገዛ መኝታ ቤቱን አንኳኩቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባል። አንድ ቀን እኔ እያለሁ ሚስቱን "አንቱ" ብሎ ጠራት። ስንዱ ትራሱን ወረወረችበት።

በሃምሳኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለኤልዳና ነው፤ አጋፋሪ ሕፃኗን ይዛ ስትወጣ ስትገባ ያየው እሷን ነዋ። በስልሳ ስድስት ዓመትዎ ሴት ልጅ በሰላም ስለተገላገሉ እንኳን ደስ አለዎት፤ ልጅዎ በሰማንያኛው ቀን በስምዎ ትጸናለች ይላል። አባት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ይመር ወንድም ተብሏል። ስንዱ ደግሞ፣ ከወለደች ወዲህ በቀድሞ ቁመናዋ በር ላይ ስላልታየች፣ ያልተገኘች ተብላ ተጽፋለች።

ይመር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። እህቴን አገላብጬ ስስማት ከርሜ ነዋ፣ አለና ሊያስቀን ሞከረ። ስንዱ አልሳቀችም። አጋፋሪ የሰው ልጅ ይዞ መውጣት አይፈቅድም። ልጅቷ በኤልዳና ስም ከጸናች፣ ስንዱ ዕድሜ ልኳን ኤልዳና ሆና ካልታሠረች በቀር፣ ከሰማንያኛው ቀን በኋላ ልጇን አቅፋ ከገዛ ቤቷ ደጅ አትወጣም። ክሊኒክ የለም፣ ፀሐይ የለም። ፋሲካ እስኪደርስ ማደሻ የለም፤ የጸና ደግሞ በማደሻም አይነሣም።

አራታችንም ሕፃኗን ይዘን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ጸሐፊው ሙባረክ ይባላል። ጠረጴዛው ከበሩ ትይዩ ነው፤ አጋፋሪ ቀኑን ሙሉ ስለሚያየው ሆዱን እንደሳበ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ አጭር አጭር ነው የሚናገረው። ነገሩን ሰምቶ መዝገቡን አገላበጠ።

"ቁመናው አንድ ነው" አለ። አየር ወሰደ። "ሰዎቹ ሁለት ናችሁ። አንዳችሁ ትልቀቅ።"

እንዴት ነው የሚለቀቀው አልነው። ሰው ቢናገር አጋፋሪ አይሰማም አለ ሙባረክ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን በር ፊት ይቆማሉ፣ አንዷ በሌላ ቁመና ትታያለች። የቀረችው የሕፃኗ እናት ትሆናለች፣ ስሟን እሱ በእጁ ያርመዋል። የለቀቀችው ማንም እንዳልሆነች ተቆጥራ እንደ አዲስ ትመዘገባለች። ሰማንያኛው ቀን ላይ ለክርስትናው እመጣለሁ፣ እስከዚያ ተመካከሩ አለ።

መምከር ምን አለው? ስንዱ ብትለቅ ልጅቷ ለኤልዳና ትጸናለች። ያለው መንገድ ኤልዳና መልቀቋ ነው። ሁላችንም ዞረን አየናት።

"እኔ ሌላ ቁመና የለኝም" አለች ኤልዳና። "ይኸው፣ የምታዩት ይኼንኑ ነው። ከየት አምጥቼ ነው የምለቀው?"

ሌላ መላ አመጣች። ስንዱ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ቁመናዋ ትመለስ፣ ያኔ ራሷን ሆና ትገኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሆድ ትምህርት ቤቱ ለስንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ። ይመር ማታ ማታ በክር ይለካታል፣ ክሩን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። በአሥር ቀን ግድግዳው ላይ አሥር እኩል የሆኑ ክሮች ተሰቀሉ። ልጅቷ ትጠባለች፣ ስንዱ ይርባታል፣ ትበላለች። የተሸከመ ሆድ እንግዳ አይደለም ልጆቼ፣ ቤተኛ ነው። ይህን ለኤልዳና ብነግራት፣ አንቺ ሁልጊዜም ሰነፍ ተማሪ ነሽ አለችኝ።

በሰባኛው ቀን ገደማ ስንዱ መቀነቱን ልታጥበው ፈታችው። እኔ አጠገቧ ሕፃኗን ይዣለሁ፣ ኤልዳና ገንፎ ታማስላለች። ስንዱ ጠጋኝ ናት ብያችኋለሁ፣ ያልለካችውን ነገር አትነካም። መቀነቱን በክንዷ መለካት ጀመረች። ለክታ ጨረሰች። ከዚያ አንዱን ስፍራ በጣቷ ዳበሰችው፤ ጨርቁ ሳስቷል፣ ቋጠሮው የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል።

"እማ" አለች፣ "ይኼ መቀነት አሥራ ሁለት ክንድ ነው።"

"የእናቴ ነው አላልኩሽም?"

"ለአራስ አራት ክንድ ይበቃል። ይኼ ደግሞ የሰማንያ ቀን መቀነት አይመስልም። ብዙ ዓመት የታሠረ ነው።" ጫፉን ከፍ አደረገችና፣ "ጥንድ ነው ብለውኛል። ሌላኛውስ የት አለ?"

 የኤልዳና እጅ ሳታዘው ወደ ወገቧ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊቷ ኖሬ ያልገባኝ። ያቺን አራስ የጠመጠመቻት ራሷን በምትጠመጥምበት ዙር፣ በዚያው ቋጠሮ፣ በዚያው ትንፋሽ ነው። እጇ ሌላ አያውቅማ። ደግ ሠራሁ ብላ ምራቷን አማት አደረገቻት፤ አጋፋሪ ምን አጠፋ።

ስንዱ መቀነቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ለማንም አልናገርም፣ እማ። በሞቴ። ልጄን ግን አልሰጥም።"

ገንፎው አረረ። በዚያ ቤት ገንፎ ሲያር ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

በማግሥቱ ኤልዳና እኔ ዘንድ መጣች። ለትምህርት ቤቱ አለመምጣቷ ገርሞኝ ነበር። ተቀመጠችና፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በምዝገባው ቀን ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተራው ላይ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ተጫዋች ነበር፣ አውቀዋለሁ። ይኼ ሆድ ስድስት የተሸከመ ነው፣ መሣሪያው ይችለዋል ወይ ብሎ መዝጋቢውን ጠየቀ፤ ተሰላፊው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

"ሳቁ ሳያልቅ ሳብኩት" አለችኝ። "እሱ ሞተ፣ ኢክራም። እኔ እስከ ዛሬ እንደሳብኩ ነኝ።"

 አብሽሪ አልኳትና ሻይ ቀዳሁላት። ስኳር ስጨምር እንደ ድሮዋ እጇን ልትከለክለኝ አነሳች፣ ከዚያ መለሰችው።

ሰማንያኛው ቀን ጥር ውስጥ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግብዣው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው፤ ያው የሆድ ትምህርት ቤታችን። ሠላሳዎቹ እናቶች ከነባሎቻቸው፣ የኛም የእነሱም ሰው፣ እነሱ ባረዱት በኩል እነሱ፣ እኛ ባረድነው በኩል እኛ። ሙባረክ መዝገቡን ይዞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ስንዱ ሕፃኗን ለይመር ሰጥታ፣ መቀነቷን እንደታጠቀች በሩ ፊት ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። ኤልዳናን አላየቻትም፤ ቃሏን ሰጥታለችና ልትለምናት አልፈለገችም።

ኤልዳና ከመካከላችን ተነሳች። ከዘራዋን ለኔ ሰጠችኝና ከስንዱ ጎን ቆመች። ወደ እናቶቹ ዞረች።

"እስከ ዛሬ ያስተማርኳችሁ ግማሹን ነው" አለች። "ሳቢ፣ ያዢ ብያለሁ። ቀሪውን እኔም አልተማርኩትም ነበር።"

የቀሚሷን ጥለት ገለጥ አድርጋ የመቀነቱን ጫፍ አወጣችና ለይመር አቀበለችው። ይመር ልጁን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው ጫፉን ይዞ ወደኋላ መሄድ ጀመረ። ኤልዳና ትዞራለች፣ እሱ ወደኋላ ይሄዳል። ጠረጴዛዎቹን አለፈ። ጠላ የያዙትን ሰዎች ይቅርታ እያለ አለፈ። ጀርባው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ መቀነቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ማዕዘን ይዞ ታጠፈ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ደሴ ይደርሳል እኮ ሲል ሰማሁ። ማንም አልሳቀም። እየጠበቅን ነበር።

ሲያልቅ ኤልዳና ለቀቀችው። የሠላሳ ዓመት እፎይ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ልነግራችሁ አልችልም። ከሳቅም ከለቅሶም ይለያል። ቀሚሷ ከፊቷ ቀስ ብሎ ተነፋ። ሆድ ነበር፣ በቃ። ለስላሳ፣ ወደ ታች ዘንበል ያለ፣ ስድስት ሰው የኖረበት ሆድ።

አጋፋሪ ከትከሻ እስከ ጉልበት አያት። ከዚያ በዚያው በትሑት ድምፁ ተናገረ።

"ቁመናው ያልተመዘገበ ነው። አዲስ ነዋሪ፣ ወደዚህ ዓለም እንኳን በደህና መጡ። ዕድሜ፣ ዜሮ ቀን።"

ሙባረክ ቶሎ ብሎ በኤልዳና ስም ፋንታ የስንዱን በእጁ ጻፈ፤ ሕፃኗም ለእናቷ ጸናች፣ ይመርም አባት ሆነ። እልልታው ቀለጠ። እልልታው መሐል ግን አጋፋሪ ሥራውን አልጨረሰም ነበር። አዲስ የተወለደ ያለ እናት አይጻፍማ። ከጎኑ የቆመችውን እናት አየና ጻፈ። ሙባረክ መዝገቡን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አየር ወሰደ፣ አነበበው፦

"ኤልዳና። የእናት ስም፣ ስንዱ። ሁለተኛ ልጅ።"

ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የፈረሰው። ሠላሳ ሴት አንድ ላይ ስትስቅ አንድም የተያዘ ሆድ አይተርፍም፤ አዝራር ሲበጠስ፣ ቀበቶ ሲፈታ ይሰማል። ሙባረክ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲስቅ ወንበሩ ጠበበው። ኤልዳና የተዘጋጀላትን ወንበር ትታ ስንዱ እግር ሥር ቁጭ አለችና አፏን ከፈተች።

"በይ እንግዲህ እናቴ፣ አጉርሺኝ።"

ስንዱ እያለቀሰች አጎረሰቻት። የፓምፕ ጠጋኝ ጉርሻ ነው፣ ልኩን እናንተው ገምቱ። ኤልዳና ዋጠችና እንደገና አፏን ከፈተች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለተኛውን ጉርሻ ስትቀበል አይቻት አላውቅም ነበር።

የቀረው ትንሽ ነው። ስንዱ በመቀነቱ እስከ ፋሲካ ቆየች፤ ማደሻው ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እሷ ሆነች። ከኋላዋ እኔ፣ ከኔ ኋላ የሆድ ትምህርት ቤቱ፣ ከሁሉም ኋላ ሙባረክ። መሥሪያ ቤቱ፣ እዚህ ብሎክ ውስጥ የማይታወቁ ሰዎች ገብተዋል ብሎ አጣሪ ላከብን። አጣሪው በር ላይ ሆዱን ስቦ ነበር የገባው፤ ኤልዳና አንገላታነው ብላ ሦስት ሳህን አበላችውና ሲወጣ አጋፋሪ አላወቀውም።

ከማዶው ብሎክ ግን ጠዋት ጠዋት እፎይታው አሁንም ይሰማል። እነሱ ገና ናቸው።

የኤልዳናን ዕድሜ እናርም ሲሏት እምቢ አለች። ሁለተኛ አልመዘገብም አለች። የክትባት ቀኗ ሲደርስ እዚሁ ክሊኒክ ይጠሯታል፤ ከልጅ ልጇ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። ሰሞኑን ደግሞ ለሁለቱም የመዋዕለ ሕፃናት ጥሪ ደረሳቸው። ልሂድ ወይ ብላ አማከረችኝ። ቦርሳ ገዝታለች።

ይኸው፣ በሩ ሊከፈት ነው። ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ወልዳችሁ ስትተኙ እናታችሁ ወይም አማታችሁ መቀነት ይዛ ትመጣለች። ትሠርላችሁ፣ ደግ ነገር ነው፣ ወገብ ይጠግናል። ግን ልትጠመጥም ስትጀምር ጫፉን ያዙና በክንዳችሁ ለኩት። አራት ሲሆን፣ በቃ እማ፣ በሏት። ከአራት ካለፈ ደግሞ አትቆጧት፤ ሌላኛው የት እንዳለ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። ይቺን አስታውሱልኝ።